ሽማግሌዎቹ ያስመረቁት በያጅ

አንድ በያጅ ነበር። ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው በሚያውቅባት በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ይኖራል፤ ስሙ ሸጋው ነው። በር፣ መስኮት፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ፣ ምን አለፋችሁ፣ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይሠራል። ትምህርቱን ያቆመው ከስምንተኛ ክፍል ነው። ለምን አቆምክ ያለው ሰው ካለ "አባቴ ታመመ፣ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ፤ በቃ" ብሎ ይመልሳል። አያፍርበትም፣ አይኩራራበትምም። የጫማውን ቁጥር እንደተጠየቀ ሰው ነው የሚናገረው።

በዚያችው ከተማ አንዲት መምህርት ነበረች። ውብርስት ትባላለች። ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ኮሌጅ ውስጥ ሂሳብ ታስተምራለች። አንድ ቀን የመጽሐፍ መደርደሪያ ልታሠራ ወደ ሸጋው ብየዳ ቤት ሄደች። መደርደሪያው በሦስት ቀን አለቀ፤ እሷ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ተመላለሰች። አንዴ ቀለሙ ነው፣ አንዴ እግሩ ነው፣ አንዴ ምኑ እንደሆነ ለራሷም አልገባትም። እኔን ከጠየቃችሁኝ መደርደሪያው ምንም አልነበረበትም።

ሁለት ዓመት አብረው ቆዩ። ከእሱ ጋር ስትሆን እንደ ልቧ ትስቃለች። ያነበበችውን ስትነግረው "እሺ፣ ከዚያስ?" እያለ ያስጨርሳታል። እሱም የደንበኞቹን ጉድ ያወራላታል። እዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ነገሩ የሚበላሸው ከቤት ሲወጡ ነው። አንድ ቀን በዋናው መንገድ ሲሄዱ አብራት የምታስተምር ሴት ከፊት ለፊት መጣች። ውብርስት ሳታውቀው አንድ እርምጃ ከሸጋው ራቅ አለች። ሴትየዋ ሰላም ብላ ወደ እሱ ስታይ፣ ውብርስት ቀደም ብላ "በር የሚሠራልን ልጅ ነው" አለች።

በሳምንቱ ሻይ እየጠጡ ሳለ ሸጋው "የትኛውን በር ነው የምሠራላችሁ?" ብሎ ጠየቃት። ሳቀች። ስትስቅ ጆሮዋ ይግል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣች። ስልኳ ሲጮህ ትደነግጣለች፤ መንገድ ላይ ከሩቅ ሰው ካየች መንገድ ትቀይራለች። አንድ ቀን የማታ ትምህርት መመዝገቢያ ቅጽ ይዛለት መጣች። ሸጋው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"ለእኔ ነው ወይስ ለጓደኞችሽ?"

"ላንተ ነው እንጂ።"

"ለእኔ ከሆነ እኔ ሲያምረኝ እጀምራለሁ" አለና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ ስለ ቅጹ የተነጋገሩት ነገር የለም።

የማይቀረው ቀን መጣ። ሸጋው ሽማግሌ ሊልክ ነው። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ፣ የጠየቁትን ልጅ ሳያገኙ ተመልሰው አያውቁም የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ልማዳችንን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ የላከው ልጅ ሽምግልናው ላይ አይገኝም። ስለ ዘሩ፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ሥራው ይወራል፤ እሱ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል። በስሙ ምን እንደተባለ የሚያውቀው የነገሩትን ያህል ብቻ ነው።

ከሽምግልናው አንድ ቀን ቀደም ብላ ውብርስት ጋሽ ደምሰው ቤት ሄደች። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ አባዬ ስለ ትምህርቱ መጠየቁ አይቀርም።"

"ይጠይቃ። ስምንተኛ ክፍል ነው እንለዋለን።"

"እንደሱ ካሉማ አለቀልኝ። አባዬ አርባ ዓመት ሙሉ አስተምሯል። ሰው ሲተዋወቅ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው የት ተማርክ ብሎ ነው።"

"ታዲያ ምን እንበል፣ ልጄ?"

"ምህንድስና ጨርሷል ይበሉልኝ። ከተጋባን በኋላ ቀስ ብዬ እኔው እነግረዋለሁ።"

ጋሽ ደምሰው አገጫቸውን አሻሹ። እውነቱን ለመናገር፣ ሽምግልና ላይ ትንሽ ማጣፈጥ ለእሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም። የአንዱን ሁለት በሬ አራት አድርገዋል፤ የአንዱን ሰካራም "ጨዋታ ይወዳል" ብለው አልፈዋል። ቢሆንም የሌለ ዲግሪ ሰጥተው አያውቁም።

"ልጁ ይህን ያውቃል?" አሉ።

"ያውቃል" አለች ውብርስት። ይህችኛዋ ሁለተኛዋ ውሸት ናት፤ ቁጠሩልኝ።

በነጋታው ሦስቱ ሽማግሌዎች የመምህር አለባቸውን ደጅ አንኳኩ። መምህር አለባቸው የውብርስት አባት ናቸው፤ እናቷ ካረፉ ጀምሮ ብቻቸውን ያሳደጓት ሰው ናቸው። ቁጭ በሉ ቢሏቸው ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ጉዳዩ ተነገረ። ተቀመጡ። ውብርስት ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ ጆሮዋን ጥላ ትሰማለች።

"ልጁን በስም ሰምቼዋለሁ" አሉ አባቷ። "ትምህርቱ እስከ ምን ድረስ ነው?"

"ምህንድስና ነው የጨረሰው" አሉ ጋሽ ደምሰው።

የመምህር አለባቸው ፊት በራ። "ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ?"

ጋሽ ደምሰው ይህን አላሰቡበትም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ "ከትልቁ ነው" አሉ።

"በሉ ሁለት ሳምንት ስጡን፤ እኛም እንጠይቅ፣ እንመካከር" ተባለ።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት ውብርስት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ። ሸጋው ያን ዕለት ደውሎ "ስምንተኛ ክፍል ነው ሲባሉ አባትሽ ምን አሉ?" ሲላት "ምንም አላለም" አለችው። ሦስት ጊዜ ልትነግረው ተነሣች። አንዴ ብየዳ ቤቱ በር ድረስ ሄዳ ደንበኛ ስላገኘች ተመለሰች። አንዴ በስልክ ጀምራ "መስመሩ አይሰማም" ብላ ዘጋች፤ መስመሩ ጥርት አድርጎ ይሰማ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ "አንድ ነገር ልነግርህ ነበር" ስትለው፣ እሱ ደስ ብሎት ከመምህር ቤት ጋር የሚስማማ ሸሚዝ መግዛቱን አሳያት። ያምርብሃል አለችውና ወጣች።

አባቷ ደግሞ በበኩላቸው ከተማውን ሲጠይቁ ሰነበቱ። አንድ ቀን ምሳ ላይ እንዲህ አሉ፦ "ያ ልጅ የራሱ የብረት ሥራ ቤት አለው አሉ እኮ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ በር የሠራልኝ፣ መስኮት የሠራልኝ ነው የሚለው። ቃሉን አጥፎ አያውቅም አሉኝ። መሐንዲስ ሆኖ ብረት በእጁ የሚይዝ ልጅ! የዛሬ ልጆች ወረቀቱን ይዘው ቢሮ ቢሮ ነው የሚሉት።" ውብርስት ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። ውሃ ጠጥታ ወደ ሥራ ወጣች።

እዚህ ላይ ልናገር። ይህን ታሪክ ስሰማ እዚህ ስደርስ ቁጭ ብዬ መስማት አቃተኝ። ንገሪው፣ ንገሪያቸው፣ ለአንዳቸው ንገሪ እያልኩ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ከተማው በሙሉ እውነቱን ለአባትየው ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀውን ልጅ በልባቸው ስለያዙ የሰሙትን ሁሉ በእሱ ልክ ሰፉት።

ሁለት ሳምንቱ ሞላ። አባቷ እሺ አሉ። ልጁም ከጥቂት ዘመዶቹ ጋር ለትውውቅ ይምጣ ተባለ። በዚያ ቅዳሜ ቤቱ ሞላ፤ አጎት፣ ጎረቤት፣ ሁለት የአባቷ የድሮ ባልደረቦች፣ ሽማግሌዎቹ። ሸጋው በአዲሱ ሸሚዙ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። መምህር አለባቸው ብርጭቆ ይዘው ተነሡ።

"እንግዶቼ፣ ልጄን የሚያገባው ኢንጂነር ሸጋው ይኸውላችሁ" አሉ።

ተጨበጨበ። ሸጋው መጀመሪያ ዘወር ብሎ ከኋላው ሌላ ሸጋው ይኖር እንደሆነ አየ። የለም። ወደ ጋሽ ደምሰው አየ፤ ጋሽ ደምሰው ጣሪያውን ይመረምራሉ። ቀጥሎ ወደ ውብርስት አየ። ውብርስት የገዛ እግሯን አውራ ጣት እያየች ነበር። ያን ጊዜ ገባው።

ዝም ቢል ነገሩ ያልፍ ነበር። ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። እሱ ግን ተነሣ።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። በያጅ ነኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው።"

መምህር አለባቸው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "እና ማነው ምህንድስና ያለኝ?"

ጋሽ ደምሰው ቀስ ብለው ተነሡ። "እኔ ነኝ፣ መምህር። እርጅና መሰለኝ፤ ከሌላ ልጅ ጋር አምታታሁት።" ሽማግሌው ሴት ልጅ በሰው ፊት እንዳትዋረድ ብለው ነውሩን በራሳቸው ላይ ወሰዱት።

ሸጋው ግን አሁንም ዓይኑን ከውብርስት ላይ አላነሣም። ሁለት ቃል ነበር የሚጠብቀው። "እኔ ነኝ" ብትል ይበቃው ነበር። ውብርስት ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላት ነበር፤ ሁለቱ ቃላት ግን ከአፏ አልወጡም።

መምህር አለባቸው ወደ ሸጋው ዞሩ። "አልዋሽህም፣ ልጄ። በመጀመሪያው ቀን ስምንተኛ ክፍል ነው ቢሉኝ እምቢ እል ነበር። እኔ እንደዚያ ነኝ። ግን ሁለት ሳምንት ስለ አንተ ስጠይቅ ቆይቻለሁ። የሰማሁት ነገር ሁሉ ስለ በያጁ ነበር፤ ስለ ኢንጂነሩ የነገረኝ አንድም ሰው የለም። ዛሬ ደግሞ ሰው ሁሉ ባለበት እውነቱን ስትናገር አየሁህ። እሺ ያልኩት እሺ ነው።"

የሸጋው እናት እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጃቸው እጃቸውን ያዝ አደረገ። ወደ ውብርስት ዞረ።

"ውቤ፣ አባትሽ ነግረውኛል። አንቺስ? ሰኞ ኮሌጅ ስትገቢ፣ እጮኛሽ ምን ይሠራል ቢሉሽ ምን ትያቸዋለሽ?"

"እኔ እኮ ላንተ ብዬ ነው" አለች ውብርስት።

"ለእኔ ብለሽ ቢሆን መጀመሪያ የምትጠይቂው እኔን ነበር" አለ ሸጋው። ክፉ ቃል አልወጣውም። የመምህርን ጉልበት ስሞ፣ እናቱን ደግፎ ወጣ። በማግስቱ ጋሽ ደምሰው ተልከው መጡና ልጁ የጋብቻ ጥያቄውን መተዉን ተናገሩ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ሽምግልና ሄደው አያውቁም ይባላል።

ውብርስት ያን ዕለት ለአባቷ እውነቱን ተናዘዘች። አባቷ "እኔን መዋሸትሽን እረሳዋለሁ። ለእሱ ግን ልነግርልሽ አልችልም" አሏት። እሷም ነገ እሄዳለሁ አለች። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። ብየዳ ቤቱ ድረስ ትሄድና በማዶ በኩል ታልፋለች። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የጀመረችውን ስሌት ትረሳዋለች። በዚህ ሁኔታ ስምንት ወር አለፈ።

አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ውስጥ ስለ ጋብቻ ወሬ ተነሣ። አንዷ መምህርት "ያልተማረ ባል ግን እንዴት ይሆናል?" አለች። ሌላው አንድ ነገር መለሰ። ውብርስት ሻይዋን አስቀምጣ ተነሣች።

"እኔ በያጅ እወድ ነበር" አለች። "ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው። ሁለት ዓመት አብሬው ስሆን ለአንዳችሁም አልነገርኩም፤ አፍሬበት ነበር። ለአባቴም ኢንጂነር ነው አስባልኩ። በዚህ ምክንያት ጥሎኝ ሄደ።" ፊቷን ለስድብ ወይም ለሳቅ አዘጋጅታ ቆመች።

ማንም አልሳቀም። ያቺ "በር የሚሠራልን ልጅ ነው" ብላ ያታለለቻት ባልደረባዋ በቀስታ "ሸጋውን ነው የምትይው? እናውቃለን እኮ" አለች። "የእኔንም በር የሠራው እሱ ነው። አንቺ እስክትነግሪን እየጠበቅን ነበር። ጊዜው ሲረዝም ግን ምናልባት አትወደውም ይሆናል ብለን ተውነው።"

ውብርስት ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቀችው ነገር ለካ ከማንም አልተደበቀም ነበር። ቦርሳዋን አንሥታ፣ የቀረ ክፍለ ጊዜ እንዳላት እንኳ ሳታስታውስ፣ በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደች። በዚህኛው ጊዜ በማዶ በኩል አላለፈችም።

ሸጋው የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሰማት። ደንበኞቹ ባሉበት ሁሉንም ነገረችው፤ የጋሽ ደምሰውን ቤት፣ ሁለቱን ውሸቶች፣ በመምህራን ማረፊያ የተናገረችውን። አልቅሳለች። እሱም ዓይኑ ረጥቦ ነበር።

"በመናገርሽ ደስ ብሎኛል" አላት። "ግን ውቤ፣ ባለፈው ወር ሌላ ቦታ ሽማግሌ ልኬያለሁ። እሺ ብለውኛል።"

ውብርስት ልቧ ተቆረጠ። ከአፏ የወጣው ጥያቄ ግን፣ እሷንም እስኪገርማት ድረስ፣ "ምን ያህል ተምራለች?" የሚል ነበር።

"ካንቺ እኩል" አለ ሸጋው። "አባቷ ስለ እኔ ትምህርት ሲጠይቁ ሽማግሌዎቹ እስኪመልሱ አልጠበቀችም። እሷ ከጓዳ ወጥታ፣ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመው፣ እኔም የማገባው እሱን ነው አለቻቸው።" ከዚያ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ውብርስት ጥቂት ቆማ ወጣች።

እንግዲህ ታሪኩን እንደሰማሁት ነገርኳችሁ። በፍቅር ውስጥ የትምህርት ደረጃ ለውጥ ያመጣል ወይስ አያመጣም እያላችሁ ስትከራከሩ እሰማለሁ። እኔ አያመጣም ብዬ አልሸነግላችሁም። አንዳንዱ ሰው የሚያነበውን የሚያነብ፣ በሚያወራው ነገር እኩል የሚያወራ አጋር ይፈልጋል፤ ይህ ነውር አይደለም። እንደሱ ከሆናችሁ በጊዜ ተናገሩና በሰላም ተለያዩ። መምህር አለባቸው እንኳ እምቢ እል ነበር ብለው በግልጽ ተናግረዋል፤ ማንም አልተጎዳም። ሰው የሚጎዳው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሰውን ጓዳ ውስጥ እየወደዱ ሳሎን ውስጥ መካድ፣ እሱ የማያፍርበትን እኛ ማፈር፣ አድናቂ ፍለጋ ሌላ ሰው አድርጎ ማቅረብ፤ የሸጋውን ልብ የሰበረው ይህ ነው። ዲግሪ የሌለው ሰው ነገ ሊማር ይችላል። የሚወደው ሰው በስሙ ያፈረበት ሰው ግን ከዚያ ቁስል በምን ይድናል?

እኔ ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ዕረፍት የለኝም፤ የራሴንም ቤት እያሰብኩ ነው። እናንተንም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምትወዱት ሰው አጠገባችሁ በሌለበት ቀን አንድ ሰው መጥቶ "ለመሆኑ ምን ያህል ተምሯል? ምን ያህል ተምራለች?" ቢላችሁ፣ የምትመልሱትን መልስ እሱ ወይም እሷ በር ጀርባ ቆመው ቢሰሙት ቅር ይላችኋል?